«የኛ ለቅሶ ላይ ማን መጣ?»

ኑሮው፣ ታክሲው፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ… እሱን ሁሉ ለሌላ ሳምንት እንተወውና ዛሬ በቀጥታ ወደ አንድ ደብዳቤ ልውሰዳችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ዓምድ የሚጻፈው «ትወደኛለች ወይስ ትቀልድብኛለች?» ዓይነት ነው፤ እሱንም በደስታ ነው የማነበው፣ አልዋሽም። ይሄኛው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ዞረ። ቡና ልጠጣ ስቀመጥ አወጣዋለሁ፣ አነበዋለሁ፣ መልሼ አጥፌ እከተዋለሁ። ባለቤቴ እንኳ «የማን ደብዳቤ ነው እንዲህ የሚደበቀው?» ብላ በጎን እስክታየኝ ድረስ!

ጸሐፊዋ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው ጨፋ ሮቢት ነው፤ አሁን የምትሠራው እዚህ አዲስ አበባ። ስሟን አልጻፈችልኝም፣ ብትጽፈውም አላወጣውም ነበር። ረዘም ስለሚል ቆራርጬ ላካፍላችሁ፦

«…የተዋወቅነው ማታ ስንማር ነው። አገራችን ጎረቤት መሆኑን ስንሰማ ሁለታችንም ሳቅን፤ ቀጥሎ ዝም አልን። እሱ የአጣዬ ልጅ ነው። የቤተሰቦቹ ቤት በ2013 ሚያዝያ ተቃጥሏል። የእኔ አጎት፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት ተገድሏል። ሁለት ዓመት ስንተዋወቅ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ አውርተን አናውቅም። ስለ ሌላው ሁሉ እናወራለን።

«አባቱ ባለፈው ወር ዐረፉ። ደብረ ብርሃን ተፈናቅለው ከርመው፣ ተመልሰው ሁለት ክፍል ሠርተው ነበር። ለቅሶ አልደረስኩም። በስልክ አብሬው አለቀስኩ፣ በቃ። አሁን አርባቸው ሊወጣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ‹ልሂድ› ብዬ ለእናቴ ብነግራት ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‹የኛ ለቅሶ ላይ ማን መጣ?› የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹የነሱ ተዝካር ላይ መገኘት ሐራም ነው› ይለኛል። እሱን ስጠይቀው ‹ብትመጪም ባትመጪም አልቀየምሽም› አለኝ። ስለ ጋብቻው አልጠየቅኋችሁም፤ እሱን አላህ ያውቃል። የጠየቅኋችሁ አንድ ነገር ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ደብዳቤው ይሄ ነው። እንግዲህ ጋዜጣው እጅሽ ሲገባ የቀረሽ ጊዜ አንድ ሳምንት ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ነገር ማርዘም አልነበረብኝም። ግን እህቴ፣ እኔም ከዚያ አገር ጋር ያልተከፈለ ዕዳ ስላለኝ ትንሽ ታገሺኝ።

አብዛኛው የከተማ ልጅ ጨፋ ሮቢትን የሚያውቃት፣ ካወቃት፣ በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ደብረ ሲና ላይ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ታልፉና ወደ ቆላው ትወርዳላችሁ። ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ… ከዚያ ጨፋ ሮቢት። ጥቂት ስትሄዱ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ አለች፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል። ዞኑ ያለው አማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ቋንቋው ኦሮምኛ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም። ከጎኑ የሰሜን ሸዋ ክርስቲያን አማራ፣ በምሥራቅ አፋር፣ መሀል መሀል ላይ አርጎባ። ሹፌሩ ካሴቱን ከፍ አድርጎ ያልፈዋል፣ እናንተም ታንቀላፋላችሁ።

እኔ ግን ወጣት ሳለሁ ከሚሴ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ሜዳውን በእግሬ አውቀዋለሁ። ቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ጨፋ ላይ ይንጣለላል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። «ጨፌ» በኦሮምኛ ረግረጋማ መስክ ማለት ነው፤ ሸንጎም ጨፌ ይባላል፣ ድሮ ሰው ተሰብስቦ የሚመክረው ሣር ላይ ስለነበረ ይመስለኛል። በጋ ላይ ሌላው ምድር ሁሉ ሲደርቅ ጨፋ አረንጓዴ ነው። የአፋሩ ግመል፣ የኦሮሞው ከብት፣ የአርጎባውም፣ የአማራውም እዚያው ይወርዳል። ከዚያ ደግሞ ገበያው አለ። ሮቢት ስሟ ራሱ ሮብን ያስታውሳል። ሰንበቴ የሚገበየው እሁድ፣ ባቲ ሰኞ። ጨው የያዘው፣ ጤፍ የያዘው፣ ፍየል የጎተተው ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዋጋ አይጠይቅም። ሰላምታው ደግሞ ማለቂያ የለውም፦ ሰውየው ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ ደህና…

ይህን የምለው «ወሎ የፍቅር አገር» የሚለውን የፖስት ካርድ ወሬ ልደግም አይደለም። እሱ ወሬ ሰልችቶኛል! ፍቅሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ሲያዙ ወሎ ምን ያህል እንደቆሰለ የታሪክ መጻሕፍት ይነግሯችኋል። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። አንዱ ወንድም ተጠመቀ፣ ሌላው አሻፈረኝ ብሎ ሸሸ። ከአንድ አያት የተወለዱ ሰዎች አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ መስጊድ የሚሄዱበት ቤት የበዛው በከፊል በዚያ ምክንያት ነው። አብሮ መኖርን ሰው የተማረው ከጉዳት በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ በደንብ አስቦበት ነው።

የተማረበት ትምህርት ቤት ደግሞ ለቅሶ ነው። እናንተ እድር የምትሉትን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለበት። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ አካፋና ዶማ የያዘ ይወጣል፣ መቃብሩ የማን ሃይማኖት ነው ተብሎ አይጠየቅም። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ወሎ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ማን ማንን እንደቀበረ የሚቆጥር አልነበረም። የሥጋውንም ነገር ዘዴ አበጅተውለታል። ክርስቲያን ቤት ሠርግ ካለ ሙስሊም ጎረቤት ይጠራና «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳል፤ ድስቱ ለብቻ፣ ወጥ ሠሪዋ ለብቻ፣ ድንኳኑ ግን አንድ። ሙስሊሙም ቤት እንዲሁ። ማንም ሃይማኖቱን አልቀየጠም፣ ማንም ደግሞ ጦሙን አላደረም።

ስለዚህ የአክስትሽ ልጅ ያለውን ነገር አልንቀውም። እኔ ሸህም ቄስም አይደለሁም፣ ፈትዋ አልሰጥም። በሁለቱም በኩል አሁን አሁን «ከነሱ ጽዋ አትጠጣ፣ ከነሱ ደጅ አትድረስ» የሚል ወጣት በዝቷል፤ በኛም ሰፈር አለ። ግን ተዝካር መብላትና ሐዘንተኛ አጠገብ መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እሱም አያጣውም። ቢጠራጠር ጨፋ ወርዶ አንድ ነጭ ጢም ያላቸውን ሸህ ይጠይቅ። እሳቸው ለስንት ክርስቲያን ጎረቤት ለቅሶ እንደተቀመጡ ራሳቸው ይነግሩታል።

የከበደኝ የእናትሽ ነው።

ሚያዝያ 2013ን እናስታውስ። ረመዳን የገባው ሚያዝያ 5 ነው። ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 24። አጣዬ የተቃጠለችው በዚያ መሀል ነው። አንዱ ሁዳዴ ላይ ነበር፣ ሌላው ረመዳን ላይ። ሁለቱም ወገን ጾመኛ ነበር አንባቢዎቼ! እኔ ይሄን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ራሴን እይዛለሁ። ከዚያ በፊት በመጋቢትም በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ብዙ ሰው አልቋል። በ2011ም እንዲሁ ተነካክቶ ነበር። ማን ጀመረው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የሚወሰነው የት ተቀምጣችሁ እንደጠየቃችሁ ነው፤ አጣዬ ሌላ፣ ጨፋ ሌላ። ኮማንድ ፖስት ታወጀ፣ መኪና ቆመ። ዓመት ሳይሞላ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ራሱ ደረሰ። ከሚሴ በሕወሓትና በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ታጣቂዎች እጅ ገባች፤ መንግሥት መልሶ የያዛት ኅዳር ማብቂያ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን ለቅሶ የሚደርስ አልነበረም። እናትሽ «ማን መጣ?» ስትል እውነቷን ነው። ቅሬው የተሰበረው ያኔ ነው፤ ከተቃጠለው ቤት ይልቅ እሱን መጠገን ሳይከብድ አይቀርም።

አሁን የኔን ዕዳ ልንገራችሁ።

ከሚሴ ሳስተምር አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፣ የጨፋ ሮቢት ልጅ። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቦቹ ጋ ይወስደኛል። እናቱ ልጃቸው ነበር የማደርጋቸው፤ እሳቸውም «ይሄ ከሲታ የአዲስ አበባ ልጅ ምግብ አያውቅም» እያሉ ያጎርሱኛል። ለኔ ብለው ሥጋ አይሠሩም፣ በእንቁላልና በእርጎ ነበር የሚያስተናግዱኝ፤ እንዳልቸገር። አመመኝ ካልኩ ዱዓ ያደርጉልኛል፣ ለገና ደግሞ «በዓልህ ነው» ብለው ቡና ያፈሉልኛል። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ስንደዋወል ኖርን።

መጋቢት 2013 ትልቁ ልጃቸው ተገደለ። ባልደረባዬ ደውሎ ነገረኝ። እኔ ምን አልኩት? «ነፍስ ይማር… መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ።» መንገዱ ተከፈተ። አልሄድኩም። ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። ግን ሌላም ነበር፣ ዛሬ ልናገረው። በሚያዝያ የአጣዬን እሳት ፎቶ ሳይ ሆዴ ውስጥ «እነሱ» የሚል ቃል በቀለ። እነሱ! እኒያ እናት፣ እርጎ ያጠጡኝ፣ ለገና ቡና ያፈሉልኝ፣ «እነሱ» ውስጥ ገቡ። ለማንም አልተናገርኩትም። ስልኬን ብቻ ማንሳት አቆምኩ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመና በጥር ለሌላ ጉዳይ ደሴ ሄድኩ። ስመለስ ጨፋ ሮቢት ላይ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እግሬ ነው የመራኝ።

እማማ አርጅተዋል። አቅፈው ሳሙኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቁ፣ ስለ ባለቤቴ ጠየቁ፣ ስለ ሞተችው እናቴ ጠየቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የምለው ጠፋኝ። ያኔ ራሳቸው ገላገሉኝ። «መንገዱ ተዘግቶብህ ነው እኮ፤ አውቃለሁ» አሉ።

«አዎ እማማ» አልኳቸው።

ዋሸሁ! ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስንት ወር ሙሉ መኪና ሲመላለስ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። በራቸው ላይ ነው እኮ የሚያልፈው!

ቡናው ተፈላ። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን። በረካው ላይ ስንደርስ እፍረቴ ቀለል ሲለኝ ጠየቅኳቸው፤ «ያኔ ከዚያ ወገን ለቅሶ የመጣ ሰው ነበር?» አልኩ። ትንሽ አሰቡ። «አንዲት ሴት መጣች» አሉ። «ሮብ ሮብ አጠገቤ ትዘረጋ የነበረች፣ የአጣዬ ሴት። ሁለት ወር ቆይታ ነው የመጣችው። ቤቷ ተቃጥሎ ነበር የሷም።»

«ምን አለችዎት?»

«ምንም። ተቀመጠች። አለቀስን። ቡና ጠጥታ ሄደች።»

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስወጣ ለልጆቼ የተቆላ በቆሎ በፌስታል ቋጠሩልኝ።

እህቴ፣ አሁን ወደ ጥያቄሽ። እናትሽ «ማን መጣ?» የምትለው የሚመጣ ሰው ስትጠብቅ ስለነበረ ይመስለኛል። ያልጠበቀ ሰው አይቆጥርም። እማማ አንዲቷን ሴት ቆጥረዋታል፤ ከሺ ሰው መሀል እሷን አልረሷትም። አንቺ ብትሄጂ የዚያ ልጅ እናትም እንደዚያው ይቆጥሩሻል። እኔ ሂጂ ባይ ነኝ። ግን እንዴት?

መጀመሪያ ከእናትሽ ተደብቀሽ አትሂጂ። ብትጣላሽም ነግረሻት ሂጂ። ተደብቆ የተደረሰ ለቅሶ ሲሰማ ሁለተኛ ሐዘን ይሆንባታል።

በአርባው ቀን አትሂጂ። ድንኳን፣ ጠላ፣ ዓይን፣ «ይቺ ማናት?» ይበዛል፤ ከአክስትሽ ልጅ ጋርም ያለሽ ክርክር ይከርራል። ከዚያ በፊት ባለው ሁለት ሦስት ቀን፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ሂጂ። ብቻሽን አትሁኚ፤ አንድ ትልቅ ሴት ይዘሽ ሂጂ፣ ከተቻለ ከሁለቱም ወገን የምትታወቅ። የገበያ ሴቶች መሀል አትጠፋም። እንደ እጮኛ ሳይሆን እንደ ጎረቤት አገር ልጅ ግቢ። ጥቁር ልበሺ። ኩርሲ ላይ ቢያስቀምጡሽም ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት ቢከብድሽ «አላህ ያጥናችሁ» በይ፤ እዚያ አገር ሁለቱንም ሰው ይሰማዋል። «የማን ልጅ ነሽ?» ቢሉሽ እውነቱን ተናገሪ። የጨፋ ሮቢት ነኝ በይ። አጎትሽን ግን አታንሺ። ላልለኮስሽው እሳትም ይቅርታ አትጠይቂ። በመካከል ያለውን ደም ማድረቅ የአበጋሮች ሥራ ነው፤ ወሎ ለሱ ሽማግሌ አላት፣ ሥርዓት አላት፣ አንቺ ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነው። አንዱ ክፉ ቃል ቢወረውርብሽ አትመልሺ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይመልሱልሻል። ቡና ሳትጠጪ ግን አትነሺ። ቡናውን ትተሽ ከተነሳሽ መጣች ሳይሆን አየችን ሄደች ነው የሚሉት።

መንገዱን ደግሞ አደራ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ያ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የኖረው። ከመነሳትሽ በፊት ባለው ማታ እዚያው ካለ ሰው አረጋግጪ። ነገሩ አስጊ ከሆነ ቅሪ፤ የማንም ለቅሶ ሌላ ለቅሶ እንዲወልድ አይፈለግም። ያኔ ደውይና «መንገዱ ተዘጋብኝ» በይ። በእውነት ተዘግቶ ከሆነ ብቻ! እኔ ያቺን ቃል አንድ ጊዜ ተጠቅሜባት እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

አሁን ደግሞ ወደ ልጁ። ወንድሜ፣ ይህን ጋዜጣ እሷ ሳታነበው አትቀርም፣ አንተም ከትከሻዋ ላይ አጮልቀህ ታየዋለህ ብዬ ነው። «ብትመጪም ባትመጪም አልቀየምሽም» ማለትህ ጨዋነት ነው። ግን ወንድ ልጅ «አልቀየምም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ «ልቤን ሳልነግርሽ እወቂልኝ» ማለቱ ነው፤ ራሴን ስለማውቅ ነው የምናገረው። እውነቱን ንገራት። እንድትመጣ ትፈልጋለህ።

ሌላም አለብህ። የእናትየዋ ጥያቄ ላንተም ነው እኮ! አጎቷ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ በኛ አገር ግን «የዘገየ ለቅሶ አልቀበልም» ያለ ቤት አላየሁም። ውጭ አገር የከረመው ሰው አሥር ዓመት ቆይቶ መጥቶ በር ላይ ሲያለቅስ እናያለን አይደል? አንተ ከጨፋ ሮቢት የራቅከው የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። የአባትህ አርባ ይውጣ። ከዚያ የቤታችሁን አንድ ትልቅ ሰው ይዘህ፣ ባዶ እጅህን አትሁን፣ አንድ ኪሎ ቡና ያዝ፤ ሂድና እኒያ እናት ፊት ተቀመጥ። ስለ ልጃቸው አንድ ቃል እንዳትናገር። ስለ ጋብቻ አላልኩህም፣ ለወንድማቸው ነው የሄድከው። እሳቸው ምን እንደሚሉህ አላውቅም። ምናልባት «መንገዱ ተዘግቶብህ ነው» ይሉህ ይሆናል። እንደኔ እንዳትመልስ።

እኔም ለእማማ ያልነገርኳቸውን ይዤ በሚመጣው ወር ጨፋ ሮቢት ለመውረድ አስቤያለሁ፤ መኪና ካለ። ልጆች፣ ከሄዳችሁ በኋላ አንድ መስመር ጻፉልኝ፤ ስም አያስፈልገውም።

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!